እንጀራው ዓይን ያጣበት ምክንያት

ግቢያችን ውስጥ አምስት ቤት አለ፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ከዚህች ዓረፍተ ነገር በኋላ ቀሪውን ታሪክ ራሱ ሊጨርሰው ይችላል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አከራያችን፣ እትዬ ነው የምንላቸው፣ ጓሮ ባለው ማድቤት እንጀራ እየጋገሩ ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ስቶቭ ለኩሼ ሽሮ ጥጃለሁ። የጎረቤቴም ስቶቭ በርቷል፤ የሽንኩርቱ ሽታ በግድግዳው አልፎ ይመጣል። በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ አንድ እንጀራ ሰፌድ ላይ ዘርግተው ቆመዋል።

«እስኪ እየው» አሉኝ።

አየሁት። ዓይን የለውም። መሃሉ ላይ ጥቂት አለችው እንጂ ዳር ዳሩ ልሙጥ ነው።

«ስቶቭ ለኩሰሃል አይደል?»

«አዎ እትዬ፣ ሽሮ ናት።»

«እኮ! አንተ ሽሮ በሠራህ ቁጥር የእኔ ምጣድ አልግል ይላል።»

እኔም ተከራከርኩ። «እትዬ፣ የእኔ ስቶቭ የተሰካው እኔ ሶኬት ላይ ነው፤ የእርስዎ ምጣድ የተሰካው የእርስዎ ሶኬት ላይ። ምን ያገናኛቸዋል?»

እትዬ ስለ ሶኬት ሊከራከሩ አልመጡም። «ወይ ስቶቩን ተው፣ ወይ ሌላ ቤት ፈልግ» ብለውኝ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ «ሌላ ቤት ፈልግ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

በሬን ዘግቼ ሽሮዬን በላሁ። ክርክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። የኢኮኖሚክስ ምሩቅ ነኝ፤ ያለ ማስረጃ የሚወነጅል ሰው አይደንቀኝም። ግን እትዬ ልክ ነበሩ። ልክ መሆናቸውን ያወቅሁት ደግሞ በዚያው ቀን ከሰዓት፣ በራሳቸው ልጅ የፊዚክስ ደብተር ላይ ነው።

የሚጣ ጥያቄ

የእትዬን ልጅ ሁላችንም ሚጣ እያልን ነው የምንጠራት። የ12ኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነው። ሒሳብ ሲከብዳት ወደ እኔ ትመጣለች። ያን ቀንም የእናቷ ኩርፊያ ሳያግዳት ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ይቺን አብረን እንያት» አለችኝ።

ሥዕሉን በቃል ልንገራችሁ። አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለ። ከባትሪው የወጣው ሽቦ ግራና ቀኝ ለሁለት ይከፈላል። በግራ በኩል ከላይ 3 ኦም፣ ከሥሩ 6 ኦም ሬዚስተር ተቀምጧል። በቀኝ በኩል ተገላብጦ ከላይ 6 ኦም፣ ከሥሩ 3 ኦም። ከታች ሁለቱ መንገዶች ይገናኙና ወደ ባትሪው ይመለሳሉ። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ነገር ግን ከግራው መሃል ወደ ቀኙ መሃል እንደ ድልድይ የተጋደመች አንዲት ባለ 4 ኦም ሬዚስተር አለች። ጥያቄው አንድ ነው፦ በዚህች በድልድይዋ በኩል ስንት አምፒር ያልፋል?

ፊዚክስ ከተዋችሁ ለቆያችሁ ሰዎች አንድ ሁለት ቃል ላስታውስ። ቮልቴጅ ማለት ግፊቱ ነው። ከረንት ማለት በሽቦው ውስጥ የሚፈሰው መጠን ነው፤ በአምፒር ይለካል። ሬዚስታንስ ደግሞ ሽቦው ወይም ዕቃው የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ በኦም ይለካል። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስቱን አገናኛቸው፦ ከረንት ማለት ቮልቴጅ ለሬዚስታንስ ሲካፈል ነው። በቃ፣ ይህቺን ከያዛችሁ አብረን እንሄዳለን።

እኔም ይህቺን ይዤ ነበር ዘው ያልኩት። «ቀላል ነው! ባትሪው 12 ቮልት፣ ድልድይዋ 4 ኦም፤ 12 ለ4፣ ሦስት አምፒር።»

ሚጣ ሳቀች። «ጋሼ፣ ባትሪው ለእሷ ብቻ ነው እንዴ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ጠዋት ለእናቷ የነገርኳቸው ነገር ትዝ አለኝ። «የእኔ ስቶቭ በእኔ ሶኬት፣ የእርስዎ ምጣድ በእርስዎ ሶኬት።» ስህተቱ አንድ ዓይነት ነው። አንዷን መንገድ ብቻ ነጥዬ አይቼ፣ ሌላው ሁሉ የማይነቃነቅ አድርጌ ቆጠርኩት።

ኢኮኖሚክስ ያነበባችሁ «ሴተሪስ ፓሪበስ» የምትባለዋን ሐረግ ታውቋታላችሁ፤ «ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ» ማለት ነው። የአንደኛ ዓመት ትምህርት ግማሹ የቆመው በእሷ ላይ ነው። የጤፍ ዋጋ ቢጨምር፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ከቆመ፣ እንዲህ ይሆናል። ችግሩ ሌላው ሁሉ ባለበት አይቆምም። ጤፍ ሲወደድ ሰው ወደ ስንዴና ወደ ሩዝ ይሄዳል፣ የእነሱም ዋጋ ይነሳል፣ ተመልሶ ጤፉን ይነካዋል። የድልድይዋም ነገር እንደዚሁ ነው። በእሷ በኩል ትንሽ ከረንት ባለፈ ቁጥር የግራውም የቀኙም ቮልቴጅ ይለወጣል፤ እነሱ ሲለወጡ ደግሞ እሷ የምታገኘው ይለወጣል።

የ21 ዓመቱ ተማሪ

ይህንን ቋጠሮ የፈታው ጉስታቭ ኪርሆፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1845 ሁለቱን ሕጎቹን ሲያወጣ ገና የኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21። ሕጎቹን ለመረዳት አዲስ አበባን ማወቅ ይበቃል።

አንደኛው፦ መጋጠሚያ ላይ የገባው ሁሉ ይወጣል። መገናኛ አደባባይን አስቡት። አደባባዩ ውስጥ መኪና የማይቆም ከሆነ፣ በደቂቃ ውስጥ ከየአቅጣጫው የገቡት መኪኖች ቁጥር ከወጡት ጋር እኩል ነው። ከረንትም እንደዚሁ፤ መንገድ ላይ አይጠፋም፣ አይፈጠርም።

ሁለተኛው፦ ዞራችሁ ወደ ተነሳችሁበት ከተመለሳችሁ ትርፉ ዜሮ ነው። ከስድስት ኪሎ ተነስታችሁ እንጦጦ ብትወጡ፣ በፈለጋችሁት መንገድ ዞራችሁ ስድስት ኪሎ ብትመለሱ፣ የወጣችሁት ዳገትና የወረዳችሁት ቁልቁለት ሲደመር እኩል ነው። ቮልቴጅ እንደ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ባትሪው ያወጣችኋል፤ ሬዚስተሮቹ ያወርዷችኋል።

በእነዚህ በሁለቱ ማንኛውንም የሬዚስተር መረብ መፍታት ይቻላል። ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ አንድ እኩሌታ ትጽፋላችሁ፤ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ትፈታላችሁ። የእኛ መምህራን «ጀነራል ኢኩሊብሪየም» የሚሉት ነገር ይኼው ነው፤ ሁሉም ገበያ አንድ ላይ የሚረጋበትን ነጥብ መፈለግ።

ግን ሚጣ የጠየቀችው የአንዷን ብቻ ነው። ለአንዷ ብሎ ሁሉንም መፍታት ጊዜ ይበላል፤ ፈተና ላይ ደግሞ ጊዜ የለም። ለዚህ አቋራጩን ያገኘው ሊዮን ቴቬናን የሚባል ፈረንሳዊ የቴሌግራፍ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1883 አሳተመው። ጀርመናዊው ሄልምሆልትዝ ከእሱ 30 ዓመት ቀድሞ ደርሶበት ነበር፤ ስሙ የተረፈው ግን በቴቬናን ነው።

የቴቬናን ሐሳብ እንዲህ ነው። የምትፈልጋትን አንዷን መንገድ ንቀላት። የቀረው መረብ የፈለገውን ያህል የተወሳሰበ ቢሆን፣ ከእሷ ቦታ ሆነህ ስታየው አንድ ባትሪና አንድ ሬዚስተር ነው የሚመስለው። ሁለቱን ፈልግ፤ ከዚያ መንገዷን መልሰህ ሰካት።

ከሚጣ ጋር ሞከርነው። ድልድይዋን አወጣናት። በግራ በኩል 12 ቮልቱን 3 ኦምና 6 ኦም ይካፈሉታል፤ የታችኛው 6 ኦም 8 ቮልት ይደርሰዋል። በቀኝ በኩል 6 እና 3 ይካፈሉታል፤ የታችኛው 3 ኦም 4 ቮልት። ስለዚህ የግራው መሃል 8 ላይ፣ የቀኙ መሃል 4 ላይ ነው፤ ልዩነታቸው 4 ቮልት። ይህ የምናባችን ባትሪ ነው።

ከዚያ እውነተኛውን ባትሪ አውጥተን በባዶ ሽቦ ተካነው። አሁን በግራ 3 እና 6 ጎን ለጎን ሆኑ፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ብዜታቸውን ለድምራቸው ማካፈል ነው፣ 18 ለ9፣ ሁለት ኦም። በቀኝም እንደዚሁ ሁለት ኦም። ሲደመር 4 ኦም።

ድልድይዋን መለስናት፦ 4 ቮልት ለ4 እና ለ4 ኦም ድምር፤ ማለትም 4 ለ8። ግማሽ አምፒር።

እኔ ሦስት ነበር ያልኩት። ስድስት እጥፍ ተሳስቻለሁ።

«ፈትሸው» አለች ሚጣ። በኪርሆፍ ፈተሽነው። ድልድይዋ ስትገባ የግራው መሃል ወደ 7 ቮልት ይወርዳል፣ የቀኙ ወደ 5 ይወጣል፤ ልዩነቱ 2፣ 2 ለ4 ግማሽ። ተስማማ።

እግረ መንገዴን አንዲት ነገር ልጨምር። የግራውና የቀኙ ክፍፍል በአንድ ዓይነት ምጣኔ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ መሃሎች ቮልቴጅ እኩል ይሆንና በድልድይዋ ምንም አያልፍም ነበር። ይህ አሠራር የዊትስቶን ድልድይ ይባላል። ፈልሳፊው ግን ዊትስቶን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1833 ሳሙኤል ሀንተር ክሪስቲ ነው፤ ዊትስቶን ያስተዋወቀው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ሥጋ ቤት የምታዩት ዲጂታል ሚዛን ሆዱ ውስጥ ይህቺው ድልድይ አለች። ሥጋው ሲቀመጥ ብረቷ በዓይን ከማይታይ በታች ትለጠጣለች፣ ሬዚስታንሱ በጥቂቱ ይቀየራል፣ ሚዛኑ ይዛባል፤ ያቺ ትንሽ መዛባት ናት ኪሎ ሆና የምትነበበው።

ወደ ግቢያችን ስንመለስ

ሚጣ ደብተሯን ከዘጋች በኋላ እኔ ባዶ ወረቀት አወጣሁ። ከዚያ ግቢያችንን ሣልኩት።

ቆጣሪው በር ላይ ነው። ከቆጣሪው እስከ ጓሮ ድረስ አንድ ገመድ ይሄዳል፤ 40 ሜትር ያህል ነው። ጓሮ ከደረሰ በኋላ ነው የሚከፋፈለው፦ አንዱ ወደ እትዬ ማድቤት፣ ሌሎቹ ወደ እኛ ክፍሎች። ሶኬታችን የየራሳችን ነው። ገመዱ ግን የጋራ ነው። ጠዋት ስከራከር የረሳሁት ይህን ገመድ ነው።

በማግስቱ ሰፈር ውስጥ የምናውቀውን ኤሌክትሪሺያን ጠራሁት። እዚህ ላይ ቁም ነገር፦ መብራት እየሠራ ሽቦ አትንኩ፣ መለካቱን ለባለሙያ ተዉት። ወረቀቱ ነው የእናንተ። እሱ የለካልኝ እነዚህን ነው። ምጣዱን ነቅሎ ሲለካው 14 ኦም። የእኔ ስቶቭ 24 ኦም፤ የጎረቤቴም ከዚያው ሱቅ የተገዛ ነውና 24። ምንም ሳይበራ ጓሮ ያለው ሶኬት 220 ቮልት። ምጣዱ ብቻ ሲበራ ወደ 205 ወረደ።

ስለዚህ ገመዱ ላይ የሚቀረው 15 ቮልት ግድም ነው። ምጣዱ 14 ኦም ከሆነና 205 ካገኘ የሚያልፈው 14.6 አምፒር ነው። 15 ለ14.6፤ የጋራው ገመድ 1 ኦም ያህል እምቢታ አለው ማለት ነው።

አሁን ጥያቄው የሚጣ ጥያቄ ሆነ፦ በምጣዱ በኩል ስንት ያልፋል?

ምጣዱ ብቻውን ሲሆን 220 ለ15፣ ማለትም 14.67 አምፒር። ኃይሉ 3,012 ዋት።

የእኔ ስቶቭ ሲጨመር በቴቬናን እንየው። ምጣዱን ንቀሉት። የቀረው 220 ቮልት፣ 1 ኦም ገመድና 24 ኦም ስቶቭ ነው። ከምጣዱ ሶኬት ላይ ሲታይ 211.2 ቮልት ባትሪና 0.96 ኦም ሬዚስተር ይመስላል። ምጣዱን መልሱት፦ 211.2 ለ14.96፣ 14.12 አምፒር። ኃይሉ 2,790 ዋት።

የጎረቤቴም ሲጨመር ባትሪው 203 ይሆናል፤ በምጣዱ የሚያልፈው 13.61 አምፒር። ኃይሉ 2,593 ዋት።

ይህ ምጣድ ሙሉ 220 ቢያገኝ ኖሮ 3,457 ዋት ነበር የሚሰጠው። ቅዳሜ ጠዋት ያገኘው ከዚያ ሩቡ የጎደለ ነው። አምፒሩን ብቻ ብታዩ ቅነሳው ትንሽ ይመስላል። ሙቀት ግን የሚሄደው በአምፒሩ ካሬ ነው፤ አምፒሩ ትንሽ ሲቀንስ ሙቀቱ እጥፉን ያህል ይቀንሳል። እንጀራ ደግሞ ዓይን የሚያወጣው ምጣዱ በደንብ ሲግል ነው። ከሊጡ ውስጥ አየሩና እንፋሎቱ ቶሎ ፈንድቶ ካልወጣ ፊቱ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል። እትዬ ይህን ያወቁት ያለ ቴቬናን ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

ቁጥሮቹ ከተሰለፉ በኋላ ጥፋቱን ማከፋፈል ይቻላል። ምጣዱ ያጣው በድምሩ 864 ዋት ነው። ከዚህ ውስጥ 445ቱ ማንም ተከራይ ምንም ሳይለኩስ፣ በገመዱ ብቻ የጠፋ ነው። የእኔ ስቶቭ 222 ጨመረበት፤ የጎረቤቴ 197። የሁለታችንን ቅደም ተከተል ብትለውጡ የእኔ ቁጥር የእሱ፣ የእሱ የእኔ ይሆናል፤ የገመዱ ድርሻ ግን ከግማሽ በላይ ሆኖ ይቀጥላል።

ስለዚህ እትዬም ልክ፣ እኔም በከፊል ልክ። ስቶቬ ምጣዳቸውን ይነካዋል። የሚነካው ግን በገመዱ በኩል ነው። ገመዱ ዜሮ ኦም ቢሆን ኖሮ ሁላችንም 220 አግኝተን እንኖር ነበር፤ «የእኔ በእኔ፣ የእርስዎ በእርስዎ» ያልኩትም እውነት ይሆን ነበር። ኢኮኖሚክስ ይህን «ኤክስተርናሊቲ» ይለዋል፤ አንተ የምታደርገው ነገር ዋጋውን ሌላ ሰው ሲከፍለው። ለስቶቬ ከቆጣሪው የሚቆጠረውን እከፍላለሁ፤ ለእትዬ እንጀራ ዓይን ግን ከፍዬ አላውቅም።

ገመዱ ራሱስ? ሦስቱም ሲበሩ በእሱ በኩል 29.5 አምፒር ያልፋል። ያ ማለት በገመዱ ላይ ብቻ 869 ዋት ሙቀት ይባክናል። ምጣዱ ብቻውን በሚበራበት ጊዜ 215 ነበር፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። በዚያች ሰዓት ቆጣሪው ከሚቆጥረው 13 በመቶው ማንም ያልጋገረበት፣ ማንም ያልጠጣበት፣ ገመድ የሚያሞቅ ነው። ያንን ሂሳብ አምስታችንም እንካፈላለን።

አንዲት ቁጥር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ገመዱ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ነው። ከቆጣሪ ጓሮ 40፣ መልሱ 40፣ በድምሩ 80 ሜትር። የእንዲህ ዓይነቱ ሽቦ ሬዚስታንስ ሲሰላ 0.92 ኦም ነው። የለካነው 1 ነው። ቀሪዋ፣ ከ0.1 የማትሞላው፣ የት ናት? የመለኪያ ስህተት ልትሆን ትችላለች። ግን አንድ ቦታ፣ አንድ መጋጠሚያ ላይ ተሰብስባ ቢሆንስ? 0.1 ኦም ላይ 29.5 አምፒር ቢያልፍ 87 ዋት ነው። 40 ሜትር ላይ የተበተነ ሙቀት አይደለም፤ በአንዲት ጣት በምታክል ቦታ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ።

ኤሌክትሪሺያኑን መልሼ ጠራሁትና «መጋጠሚያ የት አለ?» አልኩት። መሰላል አቆመ። መጋጠሚያው ሚጣ ከምታጠናበት ክፍል በላይ፣ ከአቡጀዲው ኮርኒስ ጀርባ ነበር። መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ ከፈተው። ሁለት ሽቦ በእጅ ተጠማዞ፣ በፕላስተር ታስሯል። ፕላስተሩ ጠቁሯል፤ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ተጣብቋል። አቡጀዲው ላይ ቡናማ ክብ ምልክት አለ። ብሬከሩም ቀድሞ በየቀኑ እየወረደ አስቸግሮ ነበርና አንድ ሰው ተለቅ ባለ ቀይሮት ኖሯል፤ ለዚያ ነው አላስጠነቀቀንም።

ሚጣ ከታች ሆና ወደ ላይ እያየች ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ስለ እንጀራው ማንም አላነሳም።

ምን አደረግን?

ለምጣዱ ከቆጣሪው የራሱ የሆነ ባለ 6 ካሬ ገመድ ተዘረጋለት፣ ከራሱ ብሬከር ጋር። ያ ገመድ 0.23 ኦም ነው። አሁን ምጣዱ 15.5 አምፒር፣ 3,346 ዋት ያገኛል፤ እኔ ሽሮ ብሠራም ባልሠራም። የድሮው መጋጠሚያ ተቆርጦ በትክክለኛ ማያያዣ ተሠራ። የድሮው ገመድ ለተከራዮች ቀረ፤ ብሬከሩም ገመዱን በሚመጥን ተቀየረ። ሁለት ስቶቭ ባንድ ጊዜ እንዳይለኮስ ደግሞ ተራ አወጣን።

ገንዘቡን ማን ይክፈል የሚለው ላይ አንድ ምሽት ሙሉ ተወያየን። አንዱ ጎረቤታችን «ምጣዱ የአከራይ ነው፣ እሳቸው ይክፈሉ» አለ። ሌላው «ስቶቭ ያለው ይክፈል» አለ። እኔ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ከግማሽ በላዩ የገመዱ ጥፋት ነው፤ ገመዱ ደግሞ የቤቱ ነው፤ ስለዚህ ግማሹን እትዬ፣ ግማሹን ስቶቭ ያለን እንክፈል አልኩ። እትዬ ወረቀቱን ገልብጠው አዩትና «ይሁን» አሉ።

ቢል ፊሊፕስን አሰብኩት። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሁሉ «የፊሊፕስ ከርቭ» ብሎ የሸመደደው ሰውዬ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ የአገር ኢኮኖሚን በቱቦና በውሃ የሚያሳይ ማሽን ሠራ። ገቢው፣ ግብሩ፣ ቁጠባው በየቱቦው ይፈሳል፤ አንዱን ቧንቧ ስትከፍት የሌላው ገንዳ ከፍታ ይለወጣል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከርቩን ሸምድጄ ፈተና አለፍኩ። ቱቦዎቹ ተያይዘው ለምን እንደተሠሩ ግን የገባኝ በአንድ ዓይን የለሽ እንጀራ ነው።

እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ ይህን እዩ። ምጣድ ወይም ስቶቭ ሲለኮስ አምፑሉ ደብዘዝ የሚል ከሆነ የጋራ ገመዳችሁ ቮልቴጅ እየበላ ነው። ሶኬት ወይም ዲቫይደር ሲነካ የሚሞቅ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ አንድ ቦታ ላይ ሙቀት ተሰብስቧል። ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ በትልቁ አትቀይሩት፤ ለምን እንደሚወርድ ጠይቁ። ባለሙያ ጥሩ፤ ለሽቦ የሚወጣው ገንዘብ ለቤት ኪራይ መያዣ ከሚወጣው ያንሳል።

ባለፈው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ሚጣ ናት፤ በሰፌድ ሁለት እንጀራ ይዛለች። ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ነው።

«እማዬ ናት የላከችኝ» አለች። «ሽሮውን ሥራ ብላለች። ተራው ያንተ ነው።»